የሕክምና ቡድንን ሥራ ማቀላጠፍና የሠራተኛን መዛል መቀነስ፦ ለአንድ የክፍል ኃላፊ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ አስተኝቶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሥሬ 26 ነርሶች፣ ሐኪሞችና ረዳቶች ይሠራሉ። ባለፈው ዓመት ልምድ ያላቸው አምስት ነርሶች ለቀውብኛል። የቀሩትም ተነጫናጭ ሆነዋል፤ የሕመም ፈቃድ በዝቷል፤ ስሕተቶችም እየታዩ ነው። የበላይ አመራሩ ደግሞ ቅልጥፍና ጨምረን ባለው የሰው ኃይል ተጨማሪ ታካሚ እንድናስተናግድ ጠይቆናል። እኔ ጭንቀትን ስለመቋቋም የሁለት ቀን ሥልጠና ለማዘጋጀትና የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ሽልማት ለመጀመር አስቤያለሁ። ቅልጥፍናን መጨመርና ሠራተኛው እንዳይዝል ማድረግ አብረው ይሄዳሉ ወይ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

አብረው ይሄዳሉ፤ እንዲያውም አንዱ ያለ ሌላው አይዘልቅም። ሆኖም በጥያቄዎ ውስጥ መታረም ያለባቸው ሁለት ግምቶች አሉ። አንደኛው ሠራተኛው የዛለው ጭንቀትን የመቋቋም ችሎታ ስላነሰው ነው የሚለው ሲሆን፣ ሥልጠናውን እንዲያስቡ ያደረገዎትም ይኸው ይመስላል። ሁለተኛው፣ ምናልባትም ከእርስዎ ይልቅ የአመራሩ የሆነው፣ ቅልጥፍና ማለት በዚያው ሰው ቁጥር ብዙ ታካሚ ማስተናገድ ነው የሚለው ግምት ነው። እነዚህ ካልታረሙ ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ ድካም ላይ ድካም ይጨምራል።

በርንአውት የሚባለውን የሥራ መዛል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ሲያሰፍረው ከበሽታ አልቆጠረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመነጭ ክስተት ነው ሲል ነው የመደበው። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ለሥራው በጎ ያልሆነ አመለካከት መያዝ፣ እንዲሁም የሙያ ብቃት እያሽቆለቆለ መሄድ። እርስዎ «ተነጫናጭ ሆነዋል» ያሉት ሁለተኛውን መገለጫ ነው። ታካሚዋን በስሟ መጥራት ትታ «አልጋ ሰባት» ማለት የጀመረች ነርስ ጠባይዋ ተበላሽቷል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም ማዘን የማትችልበት ደረጃ ላይ ስለደረሰች ራሷን ከታካሚዎቿ ሥቃይ እያራቀች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ሳልጠቅስ አላልፍም። የሥራ መዛልና የድብርት ሕመም ይመሳሰላሉ፤ አንድ አይደሉም። አንድ የሥራ ባልደረባ ከሥራ ውጭም ደስታ ካጣ፣ ተስፋ መቁረጥ ከታየበት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕይወቱን ስለማጥፋት ፍንጭ ከሰጠ፣ ጉዳዩ የሥራ አደረጃጀት ማሻሻያ እስኪደርስ የሚጠብቅ አይደለም። በዚያው ዕለት፣ ምስጢሩ ተጠብቆ፣ ከአለቆቹ ሰንሰለት ውጭ ባለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ሕክምና አይተካም።

ወደ መንስኤው ስንመጣ፣ በዚህ መስክ ረጅም ዘመን ያጠኑት ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር ለመዛል የሚዳርጉ ስድስት የሥራ ገጽታዎችን ለይተዋል፤ እነርሱም የሥራ ጫና፣ በሥራው ላይ ያለ የመወሰን አቅም፣ ዕውቅናና ክፍያ፣ የባልደረቦች ግንኙነት፣ ፍትሐዊነት እንዲሁም የሠራተኛውና የተቋሙ እሴት መጣጣም ናቸው። ከስድስቱ አንዱም የሠራተኛው ጠባይ አይደለም። ጫናው ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት በነርስነት ሙያ ተመራማሪዋ በሊንዳ አይከን የተመራውንና በ2002 የታተመውን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በዚያ ጥናት አንድ ነርስ በምትከታተላቸው ታካሚዎች ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ነርሷ ለመዛል ያላት ዕድል በ23 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል የተኙ ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ አመራሩ የጠየቀው «ተጨማሪ ታካሚ በዚያው የሰው ኃይል» ከታካሚው ደኅንነትም አንጻር የሚታይ ጥያቄ ነው፤ በዚህ መልክ ቢያቀርቡት የመደመጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሥልጠናው ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም። በ2016 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው፣ መዛልን ለመቀነስ የተደረጉ ልዩ ልዩ ጥረቶች አንድ ላይ ሲታዩ የዛሉ ሐኪሞችን ድርሻ ከ54 ወደ 44 በመቶ ዝቅ አድርገውታል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና ግን በግለሰቡ ላይ ካተኮሩት ይልቅ የሥራውን አደረጃጀት የለወጡት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ከዚህም በላይ የሥልጠናው ጊዜ ራሱ መልእክት አለው። ለሳምንታት ምሳ ሳይበላ የዋለን ሰው ሁለት ቀን አስቀምጦ ስለ አተነፋፈስ ማስተማር «ችግሩ አንተ ነህ» እንደማለት ይሰማል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ክፍሉን ሸፍነው የሚሠሩት ባልደረቦቹም ዕዳውን ይከፍላሉ። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ሽልማት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ እኩል በዛሉ ሰዎች መካከል አንዱን ለይቶ መሸለም ከስድስቱ መንስኤዎች አንዱን፣ ፍትሐዊነትን፣ ስለሚነካ እንዲተዉት እመክራለሁ።

አሁን ስለ ቅልጥፍና። ሰውንና አልጋን እስከ ጥግ መያዝ ቅልጥፍና ይመስላል፤ የሰልፍ ስሌት ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በዘፈቀደ የሚመጡ ሰዎችን የሚያስተናግድ አንድ አገልጋይ ብቻ ባለበት ቀላል ስሌት፣ አገልጋዩ 80 በመቶውን ጊዜ ከተያዘ በአማካይ 4 ሰው በቦታው ይገኛል፤ 90 በመቶ ሲያዝ 9፣ 95 በመቶ ሲያዝ ደግሞ 19 ይሆናል። ከ90 ወደ 95 ስንሄድ ሥራው የጨመረው በጥቂት መቶኛ ቢሆንም ሰልፉ ከእጥፍ በላይ ረዝሟል። ሆስፒታል ከዚህ ስሌት እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ መርሑ ግን ይሠራል። ምንም ክፍት ጊዜ የሌለው ቡድን አንድ ታካሚ በድንገት ሲከብድበት የሌሎቹ መድኃኒት ይዘገያል፤ የዘገየው ሥራ ስልክና ጥያቄ ይወልዳል፤ ጥያቄው ደግሞ የቀረውን ሥራ ያቋርጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሠራተኛው ስንት ታካሚ ማስተናገድ እንደሚችል ሳይሆን፣ ጊዜው በምን እያለቀ እንደሆነ ነው።

በ2016 የታተመ በአራት የሕክምና ዘርፎች ባሉ ሐኪሞች ላይ የተደረገ የክትትል ጥናት፣ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በመረጃ መመዝገቢያ ሥርዓትና በጠረጴዛ ሥራ ላይ እንደሚያጠፋ አሳይቷል። የነርሷን ጧት ደግሞ በቅርበት ይዩት። የመድኃኒት ጋሪዋን ይዛ ወጣች። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ በሌላኛው ተረኛ ኪስ ነው፤ ፈልጋ አመጣች። ሦስተኛው አልጋ ጋ ስትደርስ የአንድ ታካሚ ቤተሰብ የላቦራቶሪ ውጤት ጠየቃት። ተመልሳ ስትቆጥር ስልክ ጠራ። የደም ግፊቱን ለክታ በክትትል ቅጹ ላይ ጻፈች፤ ያንኑ ቁጥር በነርስ ማስታወሻ ላይ ደገመችው፤ ከዚያም በርክክብ መዝገቡ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ገለበጠችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም ጊዜ አልተቀመጠችም፤ ታካሚው ያገኘው ግን አንድ ልኬትና የዘገየ ክኒን ነው። መቋረጡም ከመሰልቸት የከፋ ነገር ያስከትላል። በሲድኒ ሁለት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2010 የወጣ ጥናት፣ መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ የሚያጋጥም እያንዳንዱ መቋረጥ የአሠራር ጉድለትን በ12.1፣ የሕክምና ስሕተትን በ12.7 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር እንደሚያያዝ አግኝቷል። እርስዎ የጠቀሷቸውን ስሕተቶች የሠሩትን ሰዎች ከመጠየቅዎ በፊት፣ ስሕተቱ በተሠራበት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጡ ይጠይቁ።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሥራው ይመዝገብ። ማን ፈጠነ፣ ማን ዘገየ የሚለው ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የሚመዘገበው ፍለጋ፣ ጥበቃ፣ ድጋሚ ጽሑፍና መቋረጥ ነው። ጎን ለጎን ለሁሉም ሠራተኛ «ከምንሠራው ውስጥ ለታካሚው ምንም የማይጨምረው የቱ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። በሃዋይ የሚገኝ አንድ የሆስፒታሎች ቡድን ተመሳሳይ ጥያቄ ለሠራተኞቹ አቅርቦ ከተገኙት መልሶች አንዱ፣ ነርሶች በየሰዓቱ ታካሚ መጎብኘታቸውን ለማረጋገጥ የሚሞሉት ምልክት ነበር። ምልክቱ ሲቀር በአራቱ ሆስፒታሎች በወር 1,700 የነርስ ሰዓት ያህል እንደተረፈ ተቋሙ በ2018 አስታውቋል። ለእያንዳንዱ ምልክት የሚባክነው ግን ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነበር። መሪዎች ትልቅ ብክነት ሲፈልጉ የሚያልፉት እንዲህ ያለውን ነው።

የተገኘውን ዝርዝር ይዘው በመጀመሪያ የሚቀረውን ያስቀሩ፤ ሕግ ያስገድዳል የሚባል ቅጽ ካለ ደንቡን ራስዎ አውጥተው ያንብቡ፤ ብዙ «ግዴታዎች» አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የጀመራቸው ልማዶች ሆነው ይገኛሉ። ቀጥሎ የሚጣመረውን ያጣምሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራን ወደ ሌላ ባለሙያ ማሸጋገር የሚመጣው። ናሙና ማድረስ፣ ዕቃ መቁጠር፣ ለቤተሰብ ቀጠሮ ማስታወስ የመሳሰሉትን ነርስ እንድትሠራቸው የሚያስገድድ የሙያ ምክንያት የለም። ነገር ግን ረዳቶቹም የዛሉ ከሆኑ፣ ሥልጠና፣ ግልጽ ኃላፊነትና ጊዜ ሳይሰጣቸው ሥራ ወደ እነርሱ መግፋት መዛሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው።

የተረኛ ርክክብ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባል፤ ትንሽ ወጪ ጠይቆ ብዙ የሚመልስ ማሻሻያ ነውና። በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የተሞከረውና ውጤቱ በ2014 የታተመው የርክክብ ሥርዓት አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ያስይዛል፦ የታካሚው ሕመም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ አጭር ታሪኩ፣ የሚቀሩ ሥራዎች፣ ሊያጋጥም የሚችለው ነገርና ቢያጋጥም የሚደረገው፣ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ መናገሩ። በዚህ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል፤ ርክክቡ የሚወስደው ጊዜም አልረዘመም። ለመዛል ያለው ፋይዳም ግልጽ ነው። በደንብ ያስረከበ ሰው ቤቱ ሆኖ «ያን ነገር ነግሬያለሁ ወይስ ረሳሁ?» እያለ ስልክ አይደውልም።

በአስተኝቶ ክፍል ትልቁ መታነቂያ ግን ብዙ ጊዜ የመውጫ ሂደቱ ነው። ታካሚው ዲስቻርጅ እንደሚደረግ (ከሆስፒታል እንደሚወጣ) ጧት ይታወቃል፤ የመውጫ ማጠቃለያው የሚጻፈው ራውንዱ (ሐኪሞች አልጋ በአልጋ እየዞሩ ታካሚዎችን የሚያዩበት ጉብኝት) ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰዓት ይመጣል፤ አልጋው ምሽት ላይ ይለቀቃል። ድንገተኛ ክፍል ሲጠብቅ የዋለው ታካሚም ልክ በተረኛ መለዋወጫው ሰዓት ይመጣል፤ ወጪው ተረኛ ዘግይቶ ይወጣል፤ ገቢው ደግሞ ገና ሳይረከብ ይደክማል። ነገ የሚወጡትን ዛሬ ከሰዓት መለየት፣ ማጠቃለያቸውን በዋዜማው መጀመርና የጧቱን ራውንድ በጠና ከታመሙት ቀጥሎ ወዲያው በወጪዎቹ ማካሄድ ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። አመራሩ የፈለገውን ተጨማሪ ታካሚ የማስተናገድ አቅም ማንንም ሳያስሮጡ ሊያገኙ የሚችሉትም እዚህ ላይ ነው።

የፈረቃ ድልድሉን በተመለከተ አጭር ልሁን። እጅግ የረዘመ ተረኝነት ቁጠባ አይደለም። በጥብቅ ክትትል ክፍሎች ተካሂዶ በ2004 በወጣ ጥናት፣ ከ24 ሰዓት በላይ በተከታታይ ይሠሩ የነበሩ ተለማማጅ ሐኪሞች ሰዓታቸው ከተቀነሰበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ የሕክምና ስሕተት ሠርተዋል። ድልድሉ ቀደም ብሎ ይለጠፍ፤ ከሌሊት ወደ ቀን በአንድ ዕረፍት መመላለስ ይቅር፤ ሠራተኞች እርስ በርስ መለዋወጥ ይፈቀድላቸው። የምግብ ዕረፍት ደግሞ «ጊዜ ካገኛችሁ» የሚባል መሆን የለበትም፤ በስም የተመደበ ተኪ ካልተቀመጠለት ዕረፍቱ የለም ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሊከሽፍ የሚችልበት አንድ ነጥብ አለ፤ አጥብቄ የምናገረውም ስለዚሁ ነው። በማሻሻያው የተረፈው ጊዜ የማን ነው? ሠራተኛው ጊዜ የሚባክንበትን ቦታ በቅንነት ቢያሳይዎትና በምላሹ ያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ታካሚ ቢሞላ፣ ሁለተኛ እውነቱን አይነግርዎትም፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከተረፈው ጊዜ ቢያንስ ግማሹ ለዕረፍት፣ በሰዓቱ ለመውጣትና ታካሚን ለማነጋገር እንደሚውል ከአመራሩ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ስምምነቱንም ሠራተኛው በሚያየው ቦታ ይለጥፉት። ግማሽ ያልኩት በጥናት የተረጋገጠ ልክ ሆኖ አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ሊቀበሉት የሚችሉት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የእርስዎም ድርሻ ቀላል አይደለም። በአንድ ትልቅ የሕክምና ተቋም ባሉ ሐኪሞች ላይ ተሠርቶ በ2015 የወጣ ጥናት፣ የቅርብ አለቃ በሠራተኞቹ የሚሰጠው የአመራር ነጥብ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ሠራተኞቹ የመዛል ዕድላቸው በ3.3 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። የተለካውም ትልቅ ነገር አይደለም፤ አለቃው ያሳውቃል ወይ፣ ሐሳብ ይጠይቃል ወይ፣ ለተሠራው ዕውቅና ይሰጣል ወይ የሚሉት ናቸው። ስለ ስሕተቶችም ይጠንቀቁ። የሥራ ቡድኖችን የምታጠናው ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች ባደረገችው ጥናት፣ የተሻለ አመራር ባላቸው ክፍሎች ብዙ የመድኃኒት ስሕተት ተመዝግቦ ተገኝቷል፤ እዚያ ሰዎች ስሕተትን ለመናገር አይፈሩም ነበርና። እርስዎም ነገሮችን ማስተካከል ሲጀምሩ የሚመዘገበው ስሕተት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍ ሊል ይችላል፤ አመራሩ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ይንገሩት፤ ተናጋሪውንም አይቅጡ።

ገደቡንም በግልጽ ማስቀመጥ አለብኝ። የሰው ቁጥሩ ከሥራው በታች ከሆነ የትኛውም የአሠራር ማሻሻያ ክፍተቱን አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የሥራ ጫናን መሠረት ያደረገ የሰው ኃይል ፍላጎት ስሌት፣ እያንዳንዱ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ ከሠራተኛው ትክክለኛ የዓመት የሥራ ሰዓት ጋር አነጻጽሮ የሚያስፈልገውን ሰው ቁጥር ያወጣል፤ የክፍልዎን በዚህ ያስሉ። ዝቅተኛ ክፍያንም ቅልጥፍና አያካክሰውም። እንዲህ ከሆነ ለአመራሩ የሚቀርቡለት አማራጮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሰው መጨመር፣ ወይም ሰው እስኪገኝ አልጋ መቀነስ። ሦስተኛው አማራጭ የሚመስለው፣ ሠራተኛው ችሎ እንዲያልፈው መጠበቅ፣ አምስቱን ነርሶች ያሳጣዎት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሥልጠናውን ያዘግዩ፤ ሽልማቱን ይተዉ። በመጀመሪያው ሳምንት የተረፈውን ጊዜ አጠቃቀም ከአመራሩ ጋር ይፈራረሙ፤ ካልፈረመ ሥራውን በቅልጥፍና ስም አይጀምሩ፤ ርክክቡንና የዕረፍት ተኪውን ብቻ በራስዎ ሥልጣን ያስተካክሉ። ከፈረመ በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን ይመዝግቡ፤ በሦስተኛው ቢያንስ አንድ ድጋሚ ጽሑፍ ያስቀሩ፤ ሠራተኛው አንድ ነገር በፍጥነት ሲቀር ካላየ ቀሪውን አያምንም። ከዚያ ርክክቡን፣ ቀጥሎ የመውጫ ሂደቱን አንድ በአንድ ይያዙ፤ ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። በየሳምንቱ አራት ነገር ይለኩ፦ ከተረኝነት በኋላ የተሠራ ሰዓት፣ ያልተወሰደ የምግብ ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ ቀናትና አልጋ የሚለቀቅበት ሰዓት። የመዛል መጠይቅ የሚጠቀሙ ከሆነ ስም አይጻፍበት፤ ለሥራ አፈጻጸም ምዘናም በፍጹም አይዋል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አልጋው ቀደም ብሎ እየተለቀቀ፣ ነገር ግን ሠራተኛው አሁንም ዘግይቶ እየወጣ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከአሠራር ወደ ሰው ቁጥር አልፏል ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለቱን ሳምንት ልኬትና የሰው ኃይል ስሌቱን ይዘው፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ የቅጥር ወይም የአልጋ ቅነሳ ጥያቄ ያቅርቡ።